ሶጆርነር ትሩዝ፡- ከባርነት ወጥታ ለጥቁሮች ነፃነትና ለሴቶች መብት የታገለች ተናጋሪ

በአሜሪካ የፀረ-ባርነትና የሴቶች መብት ትግል ታሪክ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሳ ሰዎች አንዷ ሶጆርነር ትሩዝ ናት። በባርነት ተወልዳ፣ በልጅነቷ በሐራጅ ተሸጣ፣ ማንበብና መጻፍ ሳትችል ኖራ ያለፈችው ይህች ሴት በዘመኗ በመድረክ ንግግር አድማጭን በመማረክ ከታወቁት ግንባር ቀደሞች መካከል ነበረች። የተናገረችውን ሁሉ በጽሑፍ ያስቀሩት ሌሎች ሰዎች በመሆናቸው ግን፣ በስሟ በስፋት የሚታወቀው ንግግር ራሱ ምን ያህል የእርሷ ቃል እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎችን ሲያከራክር ቆይቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትሩዝ የተወለደችው በ1797 ገደማ በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት በአልስተር አውራጃ ነው። የአሜሪካ ባርነት ሲነሳ በብዙዎች አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የደቡቡ የጥጥ እርሻ ቢሆንም፣ በዚያን ጊዜ በሰሜኑ በኒውዮርክም ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥና ይለወጥ ነበር። ወላጆቿ ጄምስና ኤልሳቤጥ ያወጡላት ስም ኢዛቤላ ነበር። አባቷ በቁመቱ ዘንካታ ስለነበረ በደች ቋንቋ ዛፍ የሚል ትርጉም ባለው ባውምፍሪ በሚል መጠሪያ ይታወቅ ነበር። የቤተሰቡ አሳዳሪ ኮሎኔል ዮሐንስ ሃርደንበርግ ከሆላንድ የመጡ ሰፋሪዎች ዘር በመሆኑ፣ የኢዛቤላም የመጀመሪያ ቋንቋ ደች ሆነ።

ኮሎኔሉ ከሞተ በኋላ ቤተሰቡ ወደ ልጁ ወደ ቻርልስ ሃርደንበርግ ተላለፈ። ባሪያዎቹ በሙሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ በአንድ ምድር ቤት ውስጥ ያድሩ ነበር። ወለሉ ላይ የተረበረበው ሳንቃ እየተናጋ ከሥሩ ጭቃና ውኃ ይወጣ እንደነበር ትሩዝ ከብዙ ዓመታት በኋላ ተርካለች። እናቷ ከአሥር የማያንሱ ልጆች የወለደች ቢሆንም አብዛኞቹ በሕፃንነታቸው ተሸጠውባታል። ከእነዚህ መካከል የአምስት ዓመት ወንድና የሦስት ዓመት ሴት ልጆቿ በአንድ የክረምት ማለዳ በበረዶ ላይ በሚጎተት ጋሪ ተጭነው ሲወሰዱ፣ ወንዱ ልጅ ወርዶ ወደ ቤት ሮጦ አልጋ ሥር ለመደበቅ ሞክሮ እንደነበር እናቲቱ እያለቀሰች ለኢዛቤላ ደጋግማ ታወራላት ነበር።

ኢዛቤላ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሞላት ቻርልስ ሃርደንበርግ በመሞቱ ንብረቱ ለሐራጅ ቀረበ። ልጅቷም ከአንድ የበግ መንጋ ጋር ተደምራ በ100 ዶላር ጆን ኒሊ ለተባለ ሰው ተሸጠች። የኒሊ ቤተሰብ እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገር ሲሆን ልጅቷ ደግሞ ከደች በቀር የምታውቀው ቋንቋ አልነበራትም። ያዘዟትን ሳታመጣ ስትቀር ትደበደብ የነበረውም በዚህ ምክንያት ነበር። በአንድ እሑድ ማለዳ በፍም በተለበለበ የአርጩሜ እስር የደረሰባት ግርፋት ጠባሳ ዕድሜ ልኳን አልለቀቃትም። ከዚያም በ105 ዶላር ለአንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት፣ በ1810 ደግሞ በ175 ዶላር ለጆን ዱሞንት ተሸጠች። በዱሞንት ዘንድ 16 ዓመት ያህል ቆይታለች።

በዚሁ ቤት ሳለች ሮበርት የተባለ የጎረቤት ባሪያ ወደደች። በሕጉ መሠረት ከባሪያ የሚወለድ ልጅ የእናቲቱ አሳዳሪ ንብረት ስለነበረ፣ የሮበርት አሳዳሪ ምንም ለማያገኝበት ትዳር ፈቃደኛ አልሆነም። ሮበርት ተደብቆ ሊጠይቃት በመጣበት ቀን ክፉኛ ተደብድቦ ተወሰደ፤ ግንኙነታቸውም በዚያው ተቋረጠ። ኢዛቤላ ቆይታ በዕድሜ ከሚበልጣት ቶማስ ከተባለ የዱሞንት ባሪያ ጋር ተጋባች። በጠቅላላው አምስት ልጆች ወልዳለች፤ የልጆቿ ቁጥር ወደ ኋላ ሌላ ክርክር የሚያስነሳ ጉዳይ በመሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ባርነትን ቀስ በቀስ ለማስቀረት በ1799 ሕግ አውጥቶ ነበር። በ1817 የወጣው ተጨማሪ ሕግ ደግሞ ከ1799 በፊት የተወለዱትም ጭምር ከሐምሌ 4 ቀን 1827 ጀምሮ ነፃ እንዲሆኑ ደነገገ። ዱሞንት ኢዛቤላ በታማኝነት ከሠራች ቀኑ ከመድረሱ አንድ ዓመት አስቀድሞ እንደሚለቃት ቃል ገባላት። ጊዜው ሲደርስ ግን እጇን ታምማ እንደ ቀድሞው አልሠራችም በሚል ሰበብ ቃሉን አጠፈ። ኢዛቤላ ዕዳ እንዳይቀርባት 45 ኪሎ ግራም ያህል የበግ ፀጉር ፈትላ ከጨረሰች በኋላ፣ በ1826 መገባደጃ በአንድ ማለዳ ጡት የምትጠባውን ልጇን ሶፊያን ታቅፋ ከቤቱ ወጣች። እንደ ኮበለለች ተደርጎ እንዲነገርላት አትፈልግም ነበር። መኮብለልን እንደ ነውር ትቆጥረው ስለነበር በቀን ብርሃን በእግሯ ተራምዳ መውጣቷን ታስረዳ ነበር።

ያስጠጓት አይዛክና ማሪያ ቫን ዋገነን የተባሉ ባልና ሚስት ናቸው። ዱሞንት ተከታትሎ ሲመጣ፣ ሕጉ ተፈጻሚ እስከሚሆን ለቀረው ጊዜ አገልግሎቷ 20 ዶላር፣ ለሕፃኗ ደግሞ አምስት ዶላር ከፍለው አሰናበቱት። ጌታ ብላ እንዳትጠራቸውም ከለከሏት። ኢዛቤላ የእነርሱን የቤተሰብ ስም ይዛ ኢዛቤላ ቫን ዋገነን ተባለች።

ብዙም ሳይቆይ አምስት ዓመት የሆነው ልጇ ፒተር ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ ወደ ደቡብ፣ ወደ አላባማ መወሰዱን ሰማች። የኒውዮርክ ሕግ በጊዜው ነፃ የሚወጣን ባሪያ ከክፍለ ግዛቱ ውጭ መሸጥን ይከለክል ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የነፃነት ሕግ ወደሌለበት አገር የተወሰደ ሰው ዕድሜ ልኩን ባሪያ ሆኖ ይቀራል። ኢዛቤላ መጀመሪያ ወደ ቀድሞ አሳዳሪዎቿ ሄዳ ልጇን እንዲመልሱላት ጠየቀች፤ ለአንድ ጥቁር ሕፃን ይህን ያህል መጨነቋ አስገርሟቸው አሾፉባት። ከዚያም ኩዌከር በሚል ስም የሚታወቁት ባርነትን የሚቃወሙ ክርስቲያኖች በሰጧት ምክርና ድጋፍ በኪንግስተን ከተማ ወደሚገኘው ፍርድ ቤት አመራች። በዚያን ጊዜ ገንዘብም ሆነ ትምህርት አልነበራትም፤ እንግሊዝኛዋም የተሰባበረ ነበር። የምታውቀው ልጇ በሕገ ወጥ መንገድ መሸጡንና እርሷም እናቱ መሆኗን ነው።

ፒተርን ወደ ደቡብ የሸጠው ሰለሞን ጌድኒ የሚደርስበትን ቅጣት ፈርቶ ወደ አላባማ በመጓዝ ልጁን መልሶ አመጣ። ይሁን እንጂ ፒተር በ1828 በዳኛው ፊት ሲቀርብ እናቱን አላውቃትም ብሎ ካደ፤ ጌታውን የሙጥኝ ብሎም ከእርሱ እንዳይለዩት አለቀሰ። ስለ እናቱ ክፉ ክፉ ነገር ሲነገረውና ሲያስፈራሩት መቆየታቸው የታወቀው በኋላ ነው። በፊቱ ላይ ስለሚታየው ጠባሳ ሲጠየቅም ፈረስ ረግጦኝ ነው፣ ከጋሪ ጋር ተጋጭቼ ነው እያለ ይመልስ ነበር። ዳኛው ልጁ ለእናቱ እንዲሰጥ ወሰነ። ኢዛቤላ ቤት ወስዳ ልብሱን ስታወልቅለት ጀርባው ከላይ እስከ ታች በግርፋት ሰንበር ተሸፍኖ አገኘችው። በአሜሪካ አንዲት ጥቁር ሴት ነጭን በፍርድ ቤት ተሟግታ ከረታችባቸው የመጀመሪያ ጉዳዮች አንዱ ተደርጎ የሚቆጠረው ይህ ክስ ነው።

ኢዛቤላ ከዚያ በኋላ ፒተርን ይዛ ወደ ኒውዮርክ ከተማ በመሄድ በቤት ሠራተኝነት ተቀጠረች። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ራሱን ነቢይ ብሎ የሚጠራ ሮበርት ማቲውስ የተባለ ሰው ባቋቋመው አነስተኛ የሃይማኖት ማኅበር ውስጥ ገብታ ነበር። ማኅበሩ በ1834 በአንድ አባሉ ድንገተኛ ሞት ምክንያት ተበትኖ ማቲውስ በነፍስ ግድያ ተከሶ በነፃ ሲለቀቅ፣ ኢዛቤላም መርዝ ሰጥታለች የሚል ወሬ ተነዛባት። እርሷ ግን የስም ማጥፋት ክስ መሥርታ 125 ዶላር ካሣ አስፈረደች። ፒተር በ1839 በዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ተቀጥሮ ከሄደ በኋላ ጥቂት ደብዳቤዎች ጽፎላታል። መርከቡ በ1842 ሲመለስ ግን ፒተር ከተሳፋሪዎቹ መካከል አልነበረም፤ እናትና ልጅ ዳግመኛ አልተያዩም።

ሰኔ 1 ቀን 1843 በሕይወቷ ዓቢይ ለውጥ የተደረገበት ዕለት ነው። ጥቂት ልብሶቿን በትራስ ጨርቅ ቋጥራ ከኒውዮርክ ከተማ ወጣች፤ የባርነት ዘመን ስሟንም ትታ ሶጆርነር ትሩዝ ተባለች። ሶጆርነር ማለት በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ መጻተኛ የሚባለው፣ በሰው አገር በእንግድነት የሚቀመጥ ሰው ሲሆን፣ ትሩዝ ደግሞ እውነት ማለት ነው። ስሙ ከእግዚአብሔር የተሰጣት፣ አገር ላገር እየዞረች የሕዝቡን ኃጢአት እንድትገልጽ መሆኑን ታምን ነበር። እስከዚያ ድረስ የቤተሰብ ስሟ በየጊዜው ከአሳዳሪዎቿ የተወሰደ እንደነበረ ሲታሰብ፣ የስም ለውጡ ከሃይማኖታዊ ትርጉሙ ባሻገር የያዘው ቁም ነገር ቀላል አይደለም።

በጉዞዋ ማሳቹሴትስ ደርሳ ፍሎረንስ በተባለው ስፍራ ከነበረው የኖርዝሃምፕተን የትምህርትና የኢንዱስትሪ ማኅበር ጋር ተቀላቀለች። ማኅበሩ በ1842 በባርነት ተቃዋሚዎች የተመሠረተ ሲሆን የሐር ጨርቅ ሥራ መተዳደሪያው ነበር። እንደ ዊልያም ሎይድ ጋሪሰንና ፍሬደሪክ ዳግላስ ካሉት የፀረ-ባርነት ንቅናቄ መሪዎች ጋር የተዋወቀችው በዚህ ስፍራ ነው። ወደ ፖለቲካው መድረክ ከመውጣቷ በፊት ግን የስብከት ልምድ ነበራት። በአንድ የሜዳ ላይ ጸሎት ጉባኤ ጎረምሶች ዱላ ይዘው ሲያውኩ፣ በስፍራው የነበረች ብቸኛዋ ጥቁር እርሷ በመሆኗ መጀመሪያ ፈርታ በድንኳን ውስጥ ከሣጥን ኋላ ተሸሽጋ ነበር። ቆይታ በራሷ አፍራ ወጣች፤ ከአንድ ኮረብታ ላይ ቆማም መዝሙር ጀመረች። ጎረምሶቹ ከብበው ሲያዳምጧት ቆይተው አንድ መዝሙር ከጨመረችላቸው ለመሄድ ቃል ገቡ፤ እንዳሉትም ሄዱ።

የሕይወት ታሪኳን ኦሊቭ ጊልበርት ለተባለች ሴት በቃል ነግራ በ1850 በመጽሐፍ አሳተመች። መጽሐፉን በየስብሰባው እየሸጠች ባገኘችው ገንዘብ በፍሎረንስ በ300 ዶላር ለገዛችው የመጀመሪያ ቤቷ ዕዳ ከፍላለች።

ግንቦት 29 ቀን 1851 በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በአክሮን ከተማ ቤተ ክርስቲያን በተካሄደው የሴቶች መብት ጉባኤ ያደረገችው ንግግር ከሁሉ የበለጠ ስሟን ያስጠራ ነው። በስፍራው የነበረው ጋዜጠኛ ማሪየስ ሮቢንሰን ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ባሳተመው ዘገባ መሠረት፣ ትሩዝ ያረሰች፣ ያጨደችና እንጨት የፈለጠች በመሆኗ በጉልበት ከወንድ እንደማታንስ ተናገረች። በአእምሮም ቢሆን የሴቷ መስፈሪያ ትንሽ፣ የወንዱ ትልቅ ነው ከተባለ፣ ትንሿን መስፈሪያዋን ሞልታ ብትወስድ ወንዱ የሚጎድልበት ምን እንደሆነ ጠየቀች። ሔዋን ዓለምን ገልብጣለች የሚባል ከሆነም መልሳ እንድታቀናው ዕድል ይሰጣት ዘንድ አሳሰበች። ክርስቶስ ከእግዚአብሔርና ከሴት ሲወለድ የወንድ ድርሻ ያልነበረበት መሆኑንም አስታወሰች።

ጉባኤውን በሰብሳቢነት የመራችው ፍራንሲስ ዴና ጌጅ ደግሞ ይህንኑ ንግግር ከ12 ዓመታት በኋላ በ1863 በሌላ መልክ አቀረበችው። “ሴት አይደለሁምን?” በሚል ርዕስ የሚታወቀው ይኸው የጌጅ ጽሑፍ ነው። በሮቢንሰን ዘገባ ውስጥ ጥያቄው ፈጽሞ አይገኝም። ጌጅ ትሩዝን ያናገረቻት በደቡብ ባሪያዎች አነጋገር ሲሆን፣ በኒውዮርክ ተወልዳ በደች ቋንቋ አፏን የፈታች ሴት እንደዚያ የምትናገርበት ምክንያት አልነበረም። አምስት ልጆች የወለደችውንም ሴት የ13 ልጆች እናት አድርጋታለች። ኔል አይርቪን ፔይንተርን የመሳሰሉ የታሪክ ምሁራን በ1990ዎቹ ባሳተሟቸው ጥናቶች የሮቢንሰን ዘገባ ይበልጥ ታማኝ መሆኑን አመልክተዋል። ይሁንና በመማሪያ መጻሕፍትና በመድረክ ላይ ጸንቶ የቆየው የጌጅ ጽሑፍ ነው። በዚያው በ1863 ታዋቂዋ ደራሲ ሃሪየት ቢቸር ስቶው ስለ ትሩዝ በጻፈችው መጣጥፍ በአፍሪካ እንደተወለደች፣ በዚያን ጊዜም በሕይወት እንደሌለች አድርጋ አቅርባታለች። ትሩዝ ከዚያ በኋላ 20 ዓመት ኖራለች።

በመድረክ ላይ የገጠማት ሁሉ ጭብጨባ አልነበረም። በ1858 በኢንዲያና ክፍለ ግዛት ሲልቨር ሌክ በተባለ ስፍራ የባርነት ደጋፊዎች ሴት የለበሰ ወንድ ናት በማለት በስብሰባ መካከል ለፈተና እንድትቀርብ ጠየቁ። ቁመቷ ስድስት ጫማ ገደማ፣ ድምፅዋም ወፍራም ነበር። ትሩዝ ጡቷን ለጉባኤው ገልጣ በማሳየት፣ ብዙ የነጭ ሕፃናትን እንዳጠባችበት፣ ኀፍረቱም የእርሷ ሳይሆን የእነርሱ መሆኑን ተናገረች።

በ1857 ወደ ሚቺጋን ክፍለ ግዛት በመዛወር በባትል ክሪክ ከተማ አካባቢ ተቀመጠች። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲፋፋም በዲትሮይት ለሰፈሩ ጥቁር ወታደሮች ምግብና ልብስ አሰባሰበች፤ የልጅ ልጇ ጄምስ ካልድዌልም ጥቁሮች በተመለመሉበት በ54ኛው የማሳቹሴትስ ክፍለ ጦር ዘምቷል። በዚያ ዘመን ጥላ እየተባለ የሚጠራውን የፎቶግራፍ ካርድ እያሠራች በመሸጥ ትተዳደር ነበር። በካርዱ ላይም አካሏን ለማቆየት ጥላዋን እንደምትሸጥ የሚገልጽ ጽሑፍ በስሟ ታትሟል። በ1864 ያሠራቻቸው ካርዶች የባለቤትነት መብት በስሟ ተመዝግቦ ነበር። በፎቶግራፎቹ ላይ የምትታየው ነጭ ቆብና ነጠላ መሳይ ልብስ ያደረገች፣ መነጽር ያላትና ሹራብ የምትሠራ ባለ ግርማ ሴት ናት። አንድ ጊዜ በ100 ዶላር የተሸጠች ሰው የገዛ ምስሏን ሽያጭ ራሷ ትቆጣጠር ነበር።

ጥቅምት 29 ቀን 1864 ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በዋይት ሐውስ ተቀብለው አነጋግረዋታል፤ በማስታወሻ ደብተሯ ላይም ፈርመውላታል። በዋሽንግተን አካባቢ ከባርነት የወጡ ቤተሰቦች በተሰበሰቡበት መንደርና በሆስፒታል ስታገለግል ቆየች። በ1865 የከተማዋ በፈረስ የሚጎተቱ የጎዳና ሠረገላዎች ጥቁሮችን እንዳይለዩ የሚያዝ ሕግ ወጣ። ትሩዝ ሕጉን በተግባር ለማስከበር ሠረገላዎቹን እያስቆመች ትሳፈር ነበር። አንድ ትኬት ቆራጭ ገፍቶ ሊያስወርዳት ሲሞክር ትከሻዋ በመጎዳቱ ከሰሰችው፤ ሰውየውም ታሰረ፤ ከሥራውም ተባረረ።

ባርነት ከቀረ በኋላ በትግል ጓዶች መካከል መከፋፈል ተፈጠረ። ቅድሚያ ለጥቁር ወንዶች የመምረጥ መብት ይሰጥ በሚሉትና ሴቶች መቅረት የለባቸውም በሚሉት መካከል ክርክሩ በጦፈበት በ1867፣ ትሩዝ በኒውዮርክ ባደረገችው ንግግር የጥቁር ሴቶች መብት ከተዘነጋ የቀድሞው ነጭ ጌታ ቦታ በጥቁር ወንድ ይተካል ስትል አስጠነቀቀች። በ1872 በባትል ክሪክ ድምፅ ለመስጠት ሄዳ ተመለሰች። ከ1870 ጀምሮ ከባርነት ለወጡ ድሆች በምዕራቡ ግዛት መሬት እንዲሰጣቸው የድጋፍ ፊርማ ለማሰባሰብ በየከተማው ዞራለች፤ ኮንግረሱ ግን አልተቀበለውም። በዚህ ጉዞ ጸሐፊና አንባቢ ሆኖ ይረዳት የነበረው የልጅ ልጇ ሳሙኤል ባንክስ በ1875 በወጣትነቱ ሞተባት።

ሶጆርነር ትሩዝ ኅዳር 26 ቀን 1883 በባትል ክሪክ አርፋ በኦክ ሂል መካነ መቃብር ተቀበረች። በመቃብሯ ላይ የተተከለው ድንጋይ ዕድሜዋን ወደ 105 ዓመት ያደርሰዋል፤ በታሪክ ጸሐፊዎች ስሌት ግን ስትሞት 86 ዓመት ገደማ ነበረች። የአሜሪካ ሴቶች በሕገ መንግሥት ማሻሻያ የመምረጥ መብት ያገኙት እርሷ ካለፈች ከ37 ዓመታት በኋላ በ1920 ነው።

በ1997 ማርስ ላይ ያረፈችው የመጀመሪያዋ ተንቀሳቃሽ የምርምር መሣሪያ በአንዲት የ12 ዓመት ተማሪ ሐሳብ አቅራቢነት ሶጆርነር ተብላለች። በ2009 በአሜሪካ ኮንግረስ ሕንፃ ቅጥር ውስጥ ሐውልት የቆመላት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ትሩዝ ሆናለች። በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ለሴቶች መብት ታጋዮች የሚሠራው ሐውልት ሲታቀድ መጀመሪያ ሁለት ነጭ ሴቶችን ብቻ የያዘ ነበር፤ ከተቃውሞ በኋላ ትሩዝ ተጨምራበት በ2020 ተመርቋል።

የፒተርን ክስ የሚመለከቱት የፍርድ ቤት ወረቀቶች ለረጅም ዘመን እንደጠፉ ሲቆጠሩ ከቆዩ በኋላ፣ በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ቤተ መዛግብት መገኘታቸው በ2022 ይፋ ሆኖ በኪንግስተን ለሕዝብ ታይተዋል። ኢዛቤላ ቫን ዋገነን በ1828 በሰጠችው ቃል ግርጌ፣ በፊርማ ፈንታ ያኖረችው ምልክት ይታያል።